ግልጽ ደብዳቤ፦ ስለ ተሰረዘው የሰውነት አካላት ስያሜ መግቢያ ትምህርት

ለጤና ሙያ ሥልጠና ሥርዓተ ትምህርት ጉዳይ ለሚመለከተው ቢሮ፣

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎችና የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በሰሜን ሸዋ ዞን፣ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት፣ ከመንዝ እስከ መርሐቤቴና ምንጃር፣ የነርስ፣ የአዋላጅና የጤና መኮንን ተማሪዎችን በክፍል የምናስተምርና በሆስፒታልና በጤና ጣቢያ የተግባር ልምምዳቸውን የምንመራ ባለሙያዎች ነን። ለመጻፍ ያስገደደን በዚህ የትምህርት ዘመን መጀመሪያ የደረሰን የቢሮው መመሪያ ነው። በመመሪያው መሠረት በመጀመሪያው ሴሚስተር ራሱን ችሎ ይሰጥ የነበረው የሰውነት አካላት ስያሜና የአቅጣጫ ቃላት መግቢያ ትምህርት ተሰርዞ፣ ይዘቱ በአናቶሚ ኮርስ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍለ ጊዜያት «እንዲጠቃለል» ተወስኗል። መምህራን ተባብረን ያዘጋጀነው፣ በአማርኛ ማብራሪያ የተደገፈው የማስተማሪያ ጥራዝም ከተማሪዎች እጅ እንዲሰበሰብ ታዟል። ከመወሰኑ በፊት ክፍል ውስጥ የቆመ አንድም መምህር አልተጠየቀም፤ ከተወሰነም በኋላ ቅሬታችንን በጽሑፍ አቅርበን መልስ አላገኘንም። ጉዳዩ በመጨረሻ የሚያርፈው በታካሚው ላይ ስለሆነ ሕዝብም እንዲያውቀው በግልጽ ለመጻፍ ወስነናል።

መመሪያው ካስቀመጣቸው ምክንያቶች የመጀመሪያው፣ ተማሪዎቹ ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ ተምረው ስለመጡ ስያሜዎቹን ለብቻ ማስተማር ድግግሞሽ ነው የሚል ነው። የአናቶሚ ስያሜ ግን የእንግሊዝኛ ትምህርት አይደለም። አብዛኛው ቃል ከላቲንና ከግሪክ የመጣ ነው፤ አፋቸውን በእንግሊዝኛ የፈቱ ተማሪዎችም እንደ አዲስ ይማሩታል። በመንገድ ላይ እንግሊዝኛ «አርም» ማለት ከትከሻ ጀምሮ ያለው እጅ ሁሉ ሊሆን ይችላል፤ በአናቶሚ ግን ከትከሻ እስከ ክርን ያለው ብቻ ነው፣ ከክርን በታች ያለው ሌላ ስም አለው። «ሌግ» የሚለውም እንዲሁ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት ባለው ላይ የተወሰነ ነው፤ ጭን አይገባበትም። እንግሊዝኛ ጥሩ አድርጎ የሚናገር ተማሪ ይህን ሳይማር ቢቀር ስህተቱን በጥሩ እንግሊዝኛ ይጽፈዋል፣ አንባቢውም ያምነዋል።

ከዚህ የባሰው የአቅጣጫ ቃላቱ ነገር ነው። አናቶሚ ሰውነትን የሚገልጸው አንድ የተስማሙበትን አቋቋም ይዞ ነው፦ ሰውየው ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ፊቱን ወደ ፊት ያቀና፣ እጆቹን በጎኑ ያንጠለጠለ፣ መዳፎቹን ወደ ፊት የመለሰ፣ የእግር ጣቶቹም ወደ ፊት ያዩ። ታካሚው በሆዱ ቢተኛ፣ በጎኑ ቢዞር፣ በወንበር ላይ ቢቀመጥ አገላለጹ አይለወጥም። ቀኝና ግራም የታካሚው ናቸው፤ ፊት ለፊቱ የቆመው ባለሙያ ቀኝና ግራ አይደሉም። በአገራችን የእርሻ መሬት ወሰን ሲጻፍ በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜን፣ በደቡብ ተብሎ አዋሳኙ ይጠቀሳል እንጂ ማንም «በእኔ በኩል» ብሎ እንደማይፈርም ሁሉ፣ ሱፒሪየርና ኢንፊሪየር (የላይና የታች)፣ አንቲሪየርና ፖስቲሪየር (የፊትና የኋላ)፣ ሚዲያልና ላተራል (ወደ ሰውነት መካከል የቀረበና የራቀ)፣ ፕሮክሲማልና ዲስታል (እጅ ወይም እግር ከግንዱ ለሚነሣበት የቀረበና የራቀ) የሚሉት ጥንዶችም ተመልካቹ ቢለዋወጥ የማይናወጥ ወሰን ናቸው።

ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ተማሪን አቁመን አውራ ጣትህ ወደ ሰውነትህ መካከል የቀረበ ነው ወይስ የራቀ ብለን ስንጠይቀው ግን፣ እጁ እንደ ልማዱ ወደ ጭኑ ዞሮ ስለተንጠለጠለ «የቀረበ ነው» ይላል። መዳፉን ወደ ፊት እንዲመልስ ስናደርገው አውራ ጣቱ ወደ ውጭ፣ ትንሿ ጣት ወደ ውስጥ ትሆናለች፤ ስለዚህ በአውራ ጣት በኩል ያለው ሬዲየስ የሚባለው አጥንት ላተራል፣ በትንሿ ጣት በኩል ያለው አልና ሚዲያል ይሆናል። የልብ ምት የምንቆጥረው በእጅ አንጓ ላይ በሬዲየስ በኩል እንደሆነ፣ በመርፌ የሚሠራ ሰው አልና በኩል ያለውን ነርቭ መጠንቀቅ እንዳለበት ተማሪው የሚገነዘበው ይህን አንድ ጊዜ በራሱ እጅ ካየ በኋላ ነው። በቀድሞው አደረጃጀት ይህንን እያንዳንዱ ተማሪ በራሱና በጓደኛው ሰውነት ላይ በኖራ ምልክት እያደረገ ይለማመደው ነበር። በሁለት ክፍለ ጊዜ ውስጥ ግን ይህንንና ሰውነትን በሐሳብ የሚከፍሉትን ሦስቱን የመቁረጫ ገጾች፣ የእንቅስቃሴ ቃላቱን፣ የሆድ ዘጠኙን ክፍሎችና አራቱን ሩቦች፣ የቃላቱን ሥርና ቅጥያ አብሮ ማድረስ አይቻልም። ሞክረነዋል። ተማሪው ዝርዝሩን ገልብጦ ይወጣል።

ሁለት አጋጣሚዎችን እንጥቀስ፤ የተቋማቱንና የሰዎቹን ስም ግን አንጠቅስም፣ ዓላማችን ማንንም ማሳጣት አይደለምና። በአንድ ሆስፒታል ለልምምድ የወጣ ተማሪ የአንድን አዛውንት የብሽሽት እብጠት መርምሮ በካርዱ ላይ «በቀኝ በኩል» ብሎ ጻፈ። ተማሪው ከአልጋው ግርጌ ቆሞ ነበርና እብጠቱን በራሱ ቀኝ በኩል አየው፤ በሽተኛው ግን የታመሙት በግራቸው ነው። ስህተቱ የተያዘው ለቀዶ ጥገና በሚዘጋጁበት ሰዓት ተረኛዋ ነርስ አዛውንቱን ራሳቸውን «አባባ፣ የትኛው ነው?» ብላ በመጠየቋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ይፋ ያደረገው የቀዶ ጥገና ደኅንነት መጠይቅ የታካሚው ቆዳ ከመቀደዱ በፊት ቦታው እንዲረጋገጥ የሚያዘው ለዚህ ነው፤ መጠይቁ ግን የመጨረሻው በር ነው፣ የመጀመሪያው የተማሪው ካርድ መሆን ነበረበት።

ሁለተኛው ከቆላው ወረዳ የመጣ የሪፈር ወረቀት ነው። ወድቀው በእጃቸው መሬት የተመረኮዙ እናት ከእጅ አንጓቸው ትንሽ ከፍ ብሎ ሬዲየስ ተሰብሮባቸዋል፤ በዚህ ዓይነት አወዳደቅ በጣም የተለመደው ስብራት ይኸው ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ግን በእንግሊዝኛ «የአርም ስብራት» የሚል ብቻ ነበር። ተቀባዩ ክፍል የላይኛውን ክንድ ራጅ አስነሣ፤ አጥንቱም ደኅና ሆኖ ተገኘ። እኚህ እናት የጣርማበርን ዳገት በሚኒባስ ወጥተው ደብረ ብርሃን ከደረሱ በኋላ ሁለተኛ ራጅ ከፍለው፣ በዚያ ብርድ ኮሪደር ላይ ሰዓታት ተቀምጠው ነው ትክክለኛው ቦታ የታየላቸው። «ዲስታል ሬዲየስ» የሚሉ ሁለት ቃላት ይህን ሁሉ ያስቀሩ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያታችሁ የሰዓት ጥበት ነው። ጥበቱን እኛም እናውቀዋለን፤ የምናስተምረው እኛ ነንና። ነገር ግን ሰዓቱ አልተረፈም፣ ቦታ ነው የለወጠው። የክንድ ጡንቻዎችን በምናስተምርበት ሳምንት ስለ ፕሮክሲማልና ዲስታል መግለጽ እንጀምራለን፤ የትከሻን እንቅስቃሴ ስንደርስ አብዳክሽንና አዳክሽን በአንድ ፊደል ብቻ ስለሚለያዩ ግማሹ ክፍል ይደናገራል፣ አንዱ እጅን ከሰውነት ማራቅ ሌላው ማቅረብ መሆኑን ለማስረዳት የዕለቱን ትምህርት እናቆማለን። ሃይፐርና ሃይፖ የሚሉትን ቅጥያዎች ያልለየ ተማሪ የደም ግፊት መጨመርንና መቀነስን፣ የፖታሲየም መብዛትንና ማነስን ሲያምታታ ፋርማኮሎጂ (የመድኃኒት ትምህርት) መምህሩ ዘንድ ይደርሳል፤ እርሱም የእኛን ትምህርት ያስተምራል። በመመሪያው የተቆረጠው ሰዓት በሦስት ኮርሶች ውስጥ ተበትኖ ተመልሶ እየተከፈለ ነው፣ ያውም በተዘበራረቀ መንገድ።

በአንድ ስብሰባ ላይ በቃል «ዛሬ ቃሉን ስልክ ላይ ማግኘት ይቻላል» ተብለናልና ይህንም በአጭሩ እንመልስ። የዳሌ አጥንት የላይኛው ክፍልም፣ የትንሹ አንጀት የመጨረሻ ክፍልም በጆሮ ሲሰማ «ኢሊየም» ነው፤ በላቲን ፊደል የሚለያቸው አንድ ሆሄ ነው፣ በእኛ ፊደል ሲጻፉ ደግሞ ጨርሶ አይለዩም። ፊቡላ በሚባለው፣ ከጉልበት በታች በውጭ በኩል ባለው ቀጭን አጥንት አጠገብ የሚያልፈው ነርቭ በቀድሞ ስሙ ፐሮኒያል ይባላል፤ በመራቢያ አካልና በፊንጢጣ መካከል ያለው አካባቢ ደግሞ ፔሪኒያል ነው። በጥድፊያ ሰዓት ከሐኪም አፍ ትእዛዝ የምትቀበል አዋላጅ ስልኳን አውጥታ አትፈልግም። በዓለም አቀፍ ደረጃም ቢሆን ስያሜው የተስተካከለው ይህን መሰል መደናገር ሥራ ስላበላሸ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1895 ባዝል ላይ የተስማሙት የአናቶሚ ሊቃውንት በየአገሩ ይሠራባቸው የነበሩትን ወደ 50,000 የሚጠጉ ስሞች ወደ 5,500 ገደማ አወረዷቸው፤ ዝርዝሩ በ1955 ፓሪስ ላይ ተከለሰ፣ በ1998ም እንደገና ታደሰ። በሰው ስም የተሰየሙት አካላት፣ ለምሳሌ የፋሎፒየስ ቱቦና የአኪለስ ጅማት፣ በይፋዊው ዝርዝር ቦታቸውንና ሥራቸውን በሚናገሩ ስሞች ተተክተዋል። የፐሮኒያልን ነርቭ ፊቡላር ማለት የተመረጠውም በዚሁ መንገድ ነው። ዓለም ከመቶ ዓመት በላይ የደከመበትን ጉዳይ እኛ በሁለት ክፍለ ጊዜ እንድንጨርሰው መታዘዛችን ያስደንቀናል።

ሦስተኛውና በጣም ያሳዘነን፣ የጥራዙ መሰብሰብ ነው። የተሰጠው ምክንያት የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለሆነ በአማርኛ የተጻፈ ማብራሪያ መመሪያውን ይጥሳል የሚል ነው። ጥራዙ እንግሊዝኛውን ወይም ላቲኑን አልተካም። ያደረገው ተማሪው ከቤቱ ይዞት የመጣውን ቃል ከሙያው ቃል ጎን አስቀምጦ፣ የት ላይ እንደሚገጥሙና የት ላይ እንደሚለያዩ ማሳየት ነው። የዕለት ተዕለት አማርኛችን «እጅ» ሲል ከትከሻ እስከ ጣት፣ «እግር» ሲል ከዳሌ እስከ ጥፍር ሊያካትት ይችላል። «ጅማት» ጡንቻን ከአጥንት የሚያያዘውንም፣ አጥንትን ከአጥንት የሚያያዘውንም፣ አንዳንዴ ነርቭንም ይጠራል። «ሥር» ደግሞ ከዚህም ይሰፋል። ይህን ሳያጠራ ወደ እንግሊዝኛው የሚሻገር ተማሪ የአማርኛውን ስፋት ይዞ ይሻገራል፤ ከላይ ያነሣነው የሪፈር ወረቀት የተወለደው በዚህ መንገድ ነው።

አማርኛውን ደግሞ ድሃ አድርጎ ማየት አይገባም። ማጅራት፣ ብብት፣ ክርን፣ ሽንጥ፣ ብሽሽት፣ ባት፣ ቅልጥም፣ ቁርጭምጭሚት፣ ተረከዝ እያሉ የሰውነትን አካባቢ የሚለዩ ቃላት አሉን። የአገራችን ሥጋ ቆራጭ ፍሪንባን ከወርች፣ ዳቢትን ከሽንጥ ሲለይ የጡንቻን ክምችትና የአጥንትን መጋጠሚያ ተከትሎ ነው ቢላዋውን የሚሰደው፤ ሴቶቻችንም ዶሮን በ12 ብልት ሲያወጡ መገጣጠሚያውን ፈልገው እንጂ አጥንቱን ሰብረው አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያለፉ ተማሪዎቻችን ደግሞ ከዚህ የበለጠ ይዘው ይመጣሉ። በመልክእ ድርሰት የቅዱሱ አካል ከራስ ጠጉር ተጀምሮ እስከ እግር ጥፍር ድረስ በተራ ይወደሳል፤ በዚያም መዝራዕት፣ ኵርናዕ፣ እመት፣ እራኅ እየተባለ የላይኛው ክንድ፣ ክርን፣ የታችኛው ክንድና መዳፍ ለየብቻ ሰላምታ ይቀርብላቸዋል። በየቀኑ የምንናገረው «እጅ» ያቀላቀለውን ግእዙ ለይቶታል ማለት ነው። ከላይ ወደ ታች ተራ ጠብቆ መዘርዘርንም ዲያቆኑ ተማሪ አናቶሚ ክፍል ከመግባቱ በፊት ያውቀዋል። ይህን ሀብት ክፍል ውስጥ መጥቀስ ለምን ጥፋት እንደሚሆን አልገባንም።

አንድ ምሳሌ እንጨምር፣ ምክንያቱም አማርኛው ከመርዳትም አልፎ የሚያርምበት ጊዜ አለ። ተማሪዎቻችን አርተሪን «ንጹሕ ደም የሚሸከም»፣ ቬይንን «የተቃጠለ አየር ያለበትን ደም የሚሸከም» ብለው ሸምድደው ይመጣሉ፤ ከልብ ወደ ሳንባ የሚሄደው ሥር ላይ ሲደርሱ ግን ይህ ፍቺ ይፈርሳል፣ እርሱ ኦክስጅን ያነሰውን ደም ይዞ አርተሪ ይባላልና። ደም ቅዳና ደም መልስ የሚሉት የአማርኛ ስሞች ግን የሚናገሩት ስለ ደሙ ጥራት ሳይሆን ስለ አካሄዱ ነው፦ ከልብ የሚቀዳና ወደ ልብ የሚመልስ። ትክክለኛው የአናቶሚ ፍቺም ይኸው ነው። በዚህ ጥንድ ስም የጀመረ ተማሪ የሳንባው ሥር አያደናቅፈውም።

ከዚህ ሌላ፣ ባለሙያው ሁለት ንግግር እንዲችል ይጠበቅበታል፤ ለባልደረባው የሚጽፍበትና ከታካሚው የሚሰማበት። ከመንዝ የመጡ እናት «ልቤ ላይ ያቃጥለኛል» ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚያሳዩት ከደረት አጥንት በታች ያለውን የሆድ የላይኛ ክፍል ነው፤ አንዳንዴ ግን በእርግጥ የልብ ሕመም ይሆናል፣ ስለዚህ እጃቸውን የት እንዳሳረፉ አይቶ መጻፍ ያስፈልጋል። ሲያርስ የዋለ ገበሬ «ኩላሊቴን» ሲል የወገብ ጡንቻው ሊሆን ይችላል። «ጨጓራ አለብኝ» የሚል ሰው አካሉንና በሽታውን በአንድ ስም እየጠራ ነው። ጥራዛችን እነዚህን አባባሎች ሰብስቦ፣ ባለሙያው ምን ብሎ መልሶ መጠየቅ እንዳለበትና ቦታውን በምን ቃል መመዝገብ እንዳለበት ያሳይ ነበር። በሌላ የማስተማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ይህንን አላገኘነውም።

አማርኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆኑ ተማሪዎች ይጎዳሉ የሚል ሥጋት ካለ እንረዳዋለን። በዞናችን ምሥራቃዊ ቆላ አርጎብኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ ተናጋሪዎች እንዳሉ፣ ልጆቻቸውም ከእኛ ዘንድ እንደሚማሩ እናውቃለን። ጥራዙ በእያንዳንዱ ገጽ ባዶ ዓምድ የተተወለት ለዚሁ ነበር፤ ተማሪው የቤቱን ቃል ራሱ ይሞላበታል፣ በልምምድ ጊዜም ጓደኛው ከእርሱ ይማራል። ጥራዙ ጉድለት ካለበት ይታረም፤ ያለ ምንም ግምገማ መሰብሰቡ ግን መፍትሔ አይደለም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

1. የሰውነት አካላት ስያሜና የአቅጣጫ ቃላት መግቢያ ትምህርት ከአናቶሚ ኮርስ በፊት፣ ራሱን ችሎና የተግባር ልምምድ ሰዓት ተመድቦለት ወደ ነበረበት ይመለስ። በሙሉ የማይቻል ከሆነ ቢያንስ የመጀመሪያው ሴሚስተር መጀመሪያ ሳምንታት ለእርሱ ብቻ ይሁኑ።

2. የተሰበሰበው ጥራዝ ለተማሪዎች ይመለስ፤ የቋንቋና የአናቶሚ ባለሙያዎች ያሉበት ኮሚቴ ይገምግመውና የሚታረመው ታርሞ አጋዥ ጽሑፍ ሆኖ ይፈቀድ።

3. ምዘናው ቃልን ከፍቺ ጋር በማዛመድ ብቻ አይሁን። ተማሪው በሰው ሰውነት ወይም በሥዕል ላይ ቦታውን እንዲያመለክት፣ ከዚያም በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲገልጸው ይደረግ።

4. በጤና ጣቢያዎች የሪፈር ወረቀት ላይ የሰውነት የፊትና የኋላ ሥዕል እንዲታተም፣ የታካሚው ቀኝና ግራ ተጽፎበት ባለሙያው ቦታውን እንዲያከብብ፣ ለሚመለከተው የጤና ዘርፍ ሐሳቡን እንድታቀርቡልን። ይህ ከትምህርቱ ውጭ ቢሆንም ወጪው ቀላል ነው፣ ነገ ጠዋት ሊጀመር ይችላል።

5. ወደፊት ይህን መሰል ለውጥ ሲታሰብ በዞናችን የሚያስተምሩና በተግባር ልምምድ የሚመሩ ባለሙያዎች ተወክለው አስቀድመው ይሰሙ።

ሁለተኛው ሴሚስተር ከመጀመሩ በፊት የጽሑፍ መልስ እንዲሰጠን፣ ወይም ተወካዮቻችን ቀርበው የሚያስረዱበት ቀን እንዲቆረጥልን በአክብሮት እናሳስባለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በሰሜን ሸዋ ዞን የጤና ሙያ ተማሪዎችን የሚያስተምሩ የአናቶሚ መምህራን፣
በሆስፒታልና በጤና ጣቢያ የተግባር ልምምድ የሚመሩ ነርሶች፣ አዋላጆችና የጤና መኮንኖች
ደብረ ብርሃን